እጁ የቆሰለ ሰው እጅ እንዳይሰጥ

አማርኛችን ስለ እጅ ብዙ ይናገራል። ለጋሡን ሰው እጀ ሰፊ፣ የተቸገረውን እጁ ያጠረው፣ በእጁ ጥበብ የሚኖረውን ባለ እጅ እንለዋለን። ለታላቅ ሰው የሚቀርበው ስጦታ እጅ መንሻ ነው፤ የአክብሮት ሰላምታም እጅ መንሣት ይባላል። በጦር ሜዳ ተስፋ የቆረጠው ወታደር ደግሞ እጁን ሰጠ ይባላል። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አባቶቻችን እጅን ከአካል ክፍሎች እንደ አንዱ ብቻ ሳይሆን የሰውየው ክብር፣ ሥራና ፈቃድ ማደሪያ አድርገው ይመለከቱት እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ እጅ ይህን ያህል ነገር ከሆነ፣ የአንድ ሰው እጅ ወይም ክንድ በተጎዳ ጊዜ የሚቆስለው ሥጋውና አጥንቱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከውስጥ ሌላ ቁስል አለ። የውጭውን ቁስል ሐኪም ይሰፋዋል፤ ነርስ ታጥበዋለች፤ ጀሶ ይታሰርለታል። የውስጡን ቁስል ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው የለም። በዛሬው የእሑድ ጽሑፋችን ልንናገርለት ያሰብነው ይህንኑ ሁለተኛውን ቁስል ነው። ሐሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፦ የተጎዳን ሰው መንፈስ መደገፍ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ምርቃት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ያለ እርሱም የተሰፋው ጅማት እንኳ በሚገባ አይሠራም።

የቆላው ሰው እጅ

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥልን ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ እንሂድ። ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ባቀፉት ሰፊ ሜዳ ላይ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ከብትና ግመል ይረባል። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ በትልም እየጠለፈ ወደ እርሻው ይመራዋል፤ በቆቦና በጊራና ሸለቆም ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ በመስኖ ያለማል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።

አንድ ገበሬ ሲያርስ እንመልከተው። በአንድ እጁ እርፍ ይጨብጣል፤ በሌላው ጅራፍ ይይዛል። ሲያጭድ በግራው አገዳውን አቅፎ በቀኙ ማጭድ ይስባል። ልጁ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ ወንጭፉን በአንድ እጅ ሊያጎርሰው አይችልም። የቤት እመቤቲቱ ሊጥ ስታቦካ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ሕፃን ስታዝል፣ የልጇን ጠጉር ስትሠራ ሁለት እጅ ያስፈልጋታል። ተማሪውም ብዕሩን የሚይዘው በእጁ ነው።

እጅን የሚጎዳው ነገር በዚህ አገር ብዙ ነው። ማጭድና መጥረቢያ አለ፤ የወፍጮ ቤት ቀበቶና የእህል መውቂያ መኪና አለ፤ ባጃጅና የጭነት መኪና አለ። ግመል የሚያረባ ሁሉ እንደሚያውቀው የተቆጣ ግመል ንክሻ የክንድ አጥንት ይሰብራል። አጥንቱ የተሰበረውም ሰው ወደ ወጌሻ ሄዶ እንጨቱ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰርበት፣ ደም መተላለፊያ አጥቶ ክንዱ የሚሞትበት ጊዜ አለ። በአገራችን የሚገኙ ሐኪሞች ይህን፣ ይልቁንም በሕፃናት ላይ፣ ለክንድ መቆረጥ ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። የታሰረ ክንድ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ሳይውል ሳያድር ተፈትቶ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቆቦና አካባቢዋ የጦር ሜዳ ሆኑ። በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወር በከተማይቱ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በዚሁ አካባቢ እንደገና ተነሣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ተከተለ። ጦር ካለፈበት መሬት ላይ ሳይፈነዳ የሚቀር ጥይትና ቦምብ አለ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ብረት መስሎት ሲያነሣው አስቀድሞ የሚያጠፋው ያነሣበትን እጅ ነው።

ሁለተኛው ቁስል

መቸም እግሩ የተጎዳ ሰው ቁስሉን በሱሪ ሊሸፍነው ይችላል። እጅ ግን ዘወትር በባለቤቱ ዓይን ፊት ነው፤ በሰውም ዓይን ፊት ነው። ስለዚህ እጁ የተጎዳ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ አደጋውን ያስታውሳል። ሳያስበው ያች ቅጽበት በዓይኑ ትመጣበታለች፤ ሌሊት በሕልሙ ያያታል፤ የወፍጮ ድምፅ ወይም የጎማ ፍንዳታ ሲሰማ ይደነብራል። እጁን ላለማየት ፊቱን ያዞራል፤ በጋቢው ውስጥ ይደብቀዋል። አንዳንዱም ይነጫነጫል፤ ሌላው ዝም ይላል፤ ሌላው ወደ አረቄ ቤት ያዘወትራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከባድ የእጅ ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ከብዙዎቹም ላይ ቀስ በቀስ ይለቃል። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይና ሰውየውን ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከሰው ሲለየው ግን ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ሆኗል ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ ይህን ኀዘን የሚያከብድ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መሶብ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው በቀኝ እጁ ነው፤ የሚያጎርሰውም በቀኝ እጁ ነው። ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋራ ለመቅረብ ያፍራል። በመጀመሪያ «አልራበኝም» ይላል፤ ቀጥሎ ለብቻው ይቀርብለታል፤ በመጨረሻም ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት መሄድ ይተዋል። እጁን ያሳጣው አደጋ አንድ ሲሆን ወዳጆቹን ያሳጣው ግን ኀፍረቱ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ቄስ ወይም አንድ ሼህ በጉባኤ መካከል «ችግር ያገኘው ሰው በግራው ቢበላ ነውር የለበትም» ብለው ቢናገሩ፣ የቤቱ ታላቅ ሰውም ከዚያ ሰው ግራ እጅ ጉርሻ ቢቀበሉ፣ ይህ ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ ሕክምና ነው።

ይህ ሁለተኛው ቁስል የመጀመሪያውን እንዳይድን ያደርገዋል ስንል እንዲያው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። የተቆረጠ የጣት ጅማት ከተሰፋ በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል በማቀፊያ ተጠብቆ፣ ባለሙያ እንዳዘዘው በልክ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከባድ ሥራ ለመሥራት ግን 3 ወር ያህል ይጠብቃል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ከጎኑ ካለው ሥጋ ጋራ ይጣበቅና ጣቱ ይደርቃል፤ ያለ ልክ ከተንቀሳቀሰም ይበጠሳል። እንግዲህ እጁን ማየት የሚጠላ ሰው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ «ከእንግዲህ ምን እረባለሁ» የሚል ሰው ይህን ትእዛዝ በየቀኑ እንዴት ሊፈጽም ይችላል? የሐኪሙ ስፌት በታካሚው ተስፋ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የሌለ እጅ ሲያም

ክንዱ የተቆረጠ ሰው ከሚደርስበት ነገር ሁሉ የሚያስደንቀው፣ የሌለው እጅ የሚያመው መሆኑ ነው። ጣቶቹ ይበሉታል፤ መዳፉ የተጨበጠ ይመስለዋል፤ ይቃጠላል። ሰውየውም «አብደሃል» ወይም «ጂን ያዘህ» እንዳይሉት ፈርቶ ይደብቀዋል። ዳሩ ግን ይህ እብደትም ጂንም አይደለም። አንጎላችን ውስጥ የእጅ ቦታ አለ፤ እጁ ቢሄድም ያ ቦታ ሥራውን አያቆምም።

ነገሩም የታወቀ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት አምብሯዝ ፓሬ የተባለው የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም ጽፎታል። በ1871 ዓ.ም. ደግሞ ሳይላስ ዌር ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በእርስ በርስ ጦርነታቸው ከቆሰሉት ወታደሮች የተረዳውን ጽፎ ስም አወጣለት። በ1990ዎቹ ዓመታት ራማቻንድራን የተባለ የሕንድ ተወላጅ ሊቅ በአንድ መስታወት ብቻ የሚሠራ ሕክምና አሳየ። ታካሚው መስታወት በደረቱ ፊት በቁሙ ያቆምና ጤነኛ እጁን ከፊቱ ያደርጋል፤ የተቆረጠውን ክንዱን ከበስተኋላው ይሸሽገዋል። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው እጅ የጠፋው እጅ ይመስላል፤ ጤነኛው ሲዘረጋ ያም የተዘረጋ ይመስላል። ሁሉንም ሰው ባይፈውስም ለብዙዎች ሥቃዩን ያቀልላቸዋል። መስታወት ደግሞ ከቆቦ ገበያ አይጠፋም።

ከሁሉ በፊት ግን የሚጠቅመው ቃል ነው። ክንዱ ከመቆረጡ በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተቆረጠ፣ አንድ ነርስ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ የሌለው እጅዎ ያመኝ ይመስለኛል ቢሉ አይደንግጡ፤ በብዙ ሰው የሚደርስ ነው፤ ሲመጣብዎ ይንገሩን» ብትለው የሥቃዩ ግማሽ ፍርሃት ነውና ፍርሃቱ ይወርድለታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ እንዳይደብቅ በሩን አስቀድሞ መክፈት ነው።

ተስፋ መቁረጥ ታላቁን ሰው እንኳ እንደሚያሳስተው የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰን ምስክር ነው። በ1797 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ውጊያ ቀኝ ክንዱን ባጣ በቀናት ውስጥ በግራ እጁ ለአለቃው ደብዳቤ ጻፈ። በዚያም ለወዳጆቹ ሸክም፣ ለአገሩም የማይጠቅም ሰው መሆኑን ገለጸ። በማግሥቱ ዓመት ግን በግብፅ ጠረፍ በአቡኪር ወሽመጥ የፈረንሳይን መርከቦች ድል አደረገ። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ራሱ የፈረደው ፍርድ ስሕተት ነበረ። ወጣቶች አንባብያን ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ የቆሰለ ሰው በቁስሉ ሰሞን ስለ ወደፊት ሕይወቱ የሚናገረው ቃል የመጨረሻ ፍርድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

እጅ ያለ ሥራ

ፖል ብራንድ የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ በሥጋ ደዌ የታጠፉ እጆችን ጅማት እያዛወረ ይዘረጋ ነበር። ሕክምናው ተሳካ። ዳሩ ግን ከታካሚዎቹ አንዱ ቆይቶ ተመልሶ መጣና የተሻለው እጁ ለልመና እንደማይረባው አመለከተ፤ የታጠፉ ጣቶቹን እያየ ይመጸውተው የነበረው ሰው አሁን አይሰጠውም፤ ሥራ የሚሰጠውም አልተገኘም። ብራንድም ከዚህ ትምህርት ወሰደ። ለታካሚዎቹ ሙያ የሚማሩበትና በገዛ እጃቸው ሠርተው መኖርን የሚለማመዱበት ስፍራ አቋቋመ።

በአገራችንም ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ከመነሻው ስሙ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ ማገገም የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ ገብቷል። በደሴ አጠገብ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሲያክም የኖረ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በቅርብ ዓመታትም ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን፣ ይኸውም ሰውን በዕለት ተዕለት ሥራው አማካይነት የሚያክመውን ሙያ ማስተማር ጀምሯል። በደሴ ከተማ ደግሞ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራበት የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ሲረዳው ቆይቷል።

የሆነ ሆኖ ከቆቦ እስከ ወልድያ 50፣ ከወልድያ እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጦርነቱ ጊዜ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ራሳቸው ተጎድተው ነበር። ከቀበሌው ወደ ደሴ ለመሄድ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ አለ፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ስለዚህ የራያው ቁስለኛ ባለሙያውን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ ሐኪሙ ቤተ ሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቀበሌው ሹም ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጊዜውን እንንገረው። የተጎዳ ነርቭ በሚገባ ከተሰፋ በኋላ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከእጅ አንጓ ተነሥቶ ጣት ጫፍ ለመድረስ 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ወር ጣቱ አሁንም የደነዘዘ ሲሆንበት «አበቃልኝ» ብሎ ልምምዱን ይተወዋል። የራያ ገበሬ ግን መጠበቅን ያውቃል። በሚያዝያ የዘራውን ማሽላ በኅዳር ያጭዳል፤ በሰኔ ቁመቱን አይቶ «አላፈራም» ብሎ አይነቅለውም። ነርቭም እንዲሁ ነው ብንለው ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ቀስ በቀስ እጁን እንዲያይና እንዲነካ እናድርገው። መጀመሪያ ሲታጠብ ይየው፤ ቀጥሎ ራሱ ይጠበው፤ ከዚያ በባለሙያ ፈቃድ ትንሽ ሥራ ይስጠው። ሲኒ ያቅና፣ ጥራጥሬ ይልቀም፣ ክር ያጠንጥን። ያስፈራው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ወፍጮ ቤት ከሆነ፣ አንድ ቀን በደጁ ይለፍ፤ ሌላ ቀን በሩ ላይ ይቁም፤ ከዚያ ይግባ። በግድ ግን አይገፋ።

ሦስተኛ፣ መስማት እንማር። የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ጋራ ሆኖ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቡና እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያዝዛል፤ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ ከሚረዳው ጋራ አገናኝ ይላል። አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ በግድ ማናገር አይጠቅምም፤ ራሱ ሲፈልግ ይናገራል። ጠያቂ ሆነን ስንሄድ «እጅህስ ከሄደ ምን ቀረህ!» ብሎ ማልቀስ ለቁስለኛው ማዘን ይመስላል እንጂ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። እንቅልፍ ላጣውና መሞት እመኛለሁ ለሚለው ሰው ግን ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ለብቻው ሳይተዉት የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ ነው። ጠበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጋራ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

አራተኛ፣ ከዚህ በፊት በዚሁ መንገድ ያለፈውን ሰው እናምጣለት። አንድ እጁን ካጣ ዓመታት ያለፉት ገበሬ፣ ጅራፉን ልጁ ይዞለት እርፉን በግራው ጨብጦ የሚያርስ ከሆነ፣ አቦል ቡና በሚጠጣበት ሰዓት መጥቶ ከቁስለኛው አጠገብ ቢቀመጥ፣ መጽሐፍ አንብበን ከምንነግረው ሁሉ ይበልጣል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ26ኛው አንቀጹ፣ መንግሥታት ለማገገም ሲሠሩ ጉዳተኞች እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉበትን መንገድ ጭምር እንዲጠቀሙ ያዝዛል።

ለወጣት ሹማምንት

የመጨረሻው ቃላችን በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጡትና ነገ ለሚቀመጡት ነው። ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከመቶ 75 የማያንሰው፣ ከዚያም ላሉት 6 ወራት ከመቶ 50 የማያንሰው እንዲከፈለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ያስከብራል። ዳሩ ግን የመጀመሪያው አዋጅ የሚያገለግለው አሠሪ ላለው ሰው ነው። የገዛ ማሳውን ሲያርስ ወይም የገዛ ግመሉን ሲጭን የተጎዳው የራያ ገበሬ አሠሪ የለውም። እርሱ የሚጠብቀው የቀበሌውንና የወረዳውን በጎ አስተያየት ነው።

እንግዲህ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ወደ ቢሮ ሲመጣ «ፈርም» ብሎ ወረቀቱን ወርውሮ ማሳፈር ይቻላል፤ «በግራዎ ይፈርሙ፣ ካልሆነም የግራ አውራ ጣትዎ ይበቃል» ብሎ ማክበርም ይቻላል። ሰላምታ ሲሰጥም እጅ ዘርግቶ ማደናገር አለ፤ የዘረጋውን ግራ እጅ በሁለት እጅ መቀበልም አለ። ስሙ ለዘርና ለማዳበሪያ ሲጻፍ «እርሱማ ከእንግዲህ አያርስም» ብሎ መሰረዝ አለ፤ «ዘንድሮ ማን ያግዝዎታል?» ብሎ መጠየቅም አለ። በደቦና በወንፈል የኖረ አገር ለአንድ ቁስለኛ ማሳ ጥቂት ቀን አያጣም። አስተማሪውም በግራ እጁ መጻፍ ለጀመረ ተማሪ የፈተና ሰዓት ቢጨምርለት፣ ጓደኞቹም በጽሕፈቱ ባይስቁበት፣ ያ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም።

ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው በጀት ጥቂት ነው፤ የሚጠየቀው ሰው ግን ብዙ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው እጅ ከሌላ ሰው ሊመጣ እንደሚችል መዘንጋት የለብንም። የራያ ሰው በድርቅም በጦርነትም እጁን ሳይሰጥ የቆየ ሰው ነው። ዛሬ አንዱ እጁ በቆሰለ ጊዜ፣ ቁስሉ እስኪሽርና ተስፋው እስኪመለስ ድረስ፣ ሌላውን እጅ የምናቀርብለት እኛ እንሁን እንላለን።